ዕዳና ቁራኛው

ታሞ ከአልጋ የዋለ ሰው ሲገጥመን «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ቃሉ ከአፋችን የሚወጣው በልማድ ነው እንጂ ቁራኛ ምን እንደ ነበረ ቆም ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ቁራኛ በሰንሰለት ከሌላ ሰው ጋር የተቆራኘ ሰው ነው። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የተበደረውን መክፈል ያቃተው ወይም አልከፍልም ያለ ሰው እጁ ከአበዳሪው እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። ሁለቱ እንደ ተቆራኙ ይውላሉ፤ እንደ ተቆራኙም ያድራሉ። ከዳኛ ፊት የሚቀርቡትም፣ ዋስ ፍለጋ ከዘመድ ደጅ የሚቆሙትም አብረው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ይህን በመደነቅ ጽፈውታል፤ ፎቶግራፍ ያነሡም አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያዝነው ለተበዳሪው ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን አበዳሪውም አብሮ መታሰሩን ያስተውላል። ዕዳውን አገር ያየዋል። መንደሩ ያውቀዋል። አበዳሪውም ቢሆን ከሰንሰለቱ ለመገላገል ሲል ወደ ዕርቅ ማዘንበሉ አይቀርም። ይህን የምለው የጥንቱን ቅጣት ለማወደስ አይደለም፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ነገር ግን ዛሬ በሎስ አንጀለስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብቻውን የሚኖር ወገናችን ዕዳ ሲይዘው ከማን ጋር ነው የሚቆራኘው? ፊቱን ከማያውቀው፣ ስሙን በፖስታ ላይ ብቻ ከሚያነበው አበዳሪ ጋር ነው። ዋስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ሽማግሌ የለ። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ይሆናል፤ ዕዳችን ፊቱን ያጣው እንዴት ነው? ብቻውን የሚኖር ሰውስ ምን ያድርግ?

ከአገር ቤት እንጀምር። አባቶቻችን የሚበደሩት አሞሌ ጨው፣ እህል ወይም ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ በየትኛውም ዘመን ይመታ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ገንዘብ ነው። ሰው የሚበደረው አብዛኛውን ጊዜ ለዘር፣ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ነበር። ወለድ በክርስትናም በእስልምናም የተወገዘ ቢሆንም አራጣ የሚያበድር አልጠፋም፤ አራጣም ስንቱን ባለርስት ከመሬቱ እንደ ነቀለ ከአያቶቻችን የሰማን እናውቃለን። ሆኖም ጥሩው ብድርም ሆነ ክፉው አራጣ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ሁለቱም ያለ ሰው አይፈጸሙም። ምስክር ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል። ዋስ ማለት ተበዳሪው ቢጠፋ በእሱ ቦታ የሚቆም ሰው ነው። ዋስ የሌለው ሰው ብድር አያገኝም፤ ዋስ ያለው ሰው ደግሞ ዋሱን እንዳያሳፍር ሲል ከዐቅሙ በላይ ለመበደር ይፈራል።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በ1905 በተደረገ ውል የአቢሲንያ ባንክ ተቋቋመና በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1931 የመንግሥቱ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ጠገራ ብርን የሚተካው የኢትዮጵያ ገንዘብ የወጣው ደግሞ በ1945 ነው። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግም የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ። አንባቢ ይህን ቁጥር አይርሳ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገር ግን ባንክ ለነጋዴውና ለባለሕንፃው እንጂ ለዕለት ሠራተኛው አልነበረም። ከተማው ያንን ክፍተት የሞላው በራሱ ብልሃት ነው። ሐዘን ሲመጣ ዕድር አለ፤ ገንዘብ ሲያስፈልግ ዕቁብ አለ። በተለይ የጉራጌ ነጋዴዎች ያጠናከሩት ዕቁብ አሠራሩ ቀላል ነው። አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ይከፍላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣለት ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ወለድ የለውም። ዳኛና ጸሐፊ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። ቀደም ብሎ የደረሰው ሰው በእውነቱ ተበዳሪ ነው፤ ዘግይቶ የሚደርሰው አበዳሪ ነው። ሁለቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጡ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ብረቱ የወለቀለት ቁራኛ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ኖራችሁበታል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወጣቱ በሱዳን በኩል ተሰደደ። አሜሪካም በ1980 የስደተኞችን ሕግ ስታወጣ ከገዳሪፍና ከካርቱም ብዙ ወገን መጣ። በዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ስደተኛው ከአውሮፕላን ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ይፈርማል፤ ይኸውም የአውሮፕላን ቲኬቱን ዋጋ በየወሩ እየከፈለ ሊመልስ የሚገባው የብድር ውል ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካን አገር የጀመሩት ይህን ዕዳ ይዘው ነው። ይሁንና ይህ ብድር ወለድ የሌለው ነበር፤ ዛሬም የለውም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ዕዳችን ከዕቁብ ጋር ይመሳሰል ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ግን እንደዚያ አልሆነም።

ሁለተኛው ክሬዲት ካርድ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የተስፋፋውም ከዚሁ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ነው። በ1904 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ የሆነው ጃኒኒ ትልልቆቹ ባንኮች ለናቋቸው ስደተኞች «የጣሊያን ባንክ» የተባለ ባንክ ከፈተ። በ1906 ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ሲያወድማት ከወደቡ አጠገብ ጣውላ ዘርግቶ ለሚያውቃቸው ሰዎች ያበድር እንደ ነበር ይነገርለታል። ያኔ ብድሩ ፊት ነበረው። ያው ባንክ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ተብሎ ከገነነ በኋላ በመስከረም 1958 ፍሬዝኖ በተባለችው ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች ሳይጠይቁ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ዋስ አልተጠራም፤ ምስክር አልቆመም። ካርዱ በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ። ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በ1970 በሕግ ቢከለከልም መንገዱ ተጠርጎ ነበር።

የቀረውን ታሪክ ባጭሩ ላውጋዎ። እስከ 1974 ድረስ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት ክሬዲት ስትጠይቅ የወንድ ፊርማ አምጪ መባሏ የተለመደ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ከለከለ። ይህ መልካም ነው። በ1978 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባንክ ባለበት ክፍለ ሀገር የተፈቀደለትን ወለድ በሌላ ክፍለ ሀገር ለሚኖር ሰው ሊያስከፍል ይችላል ብሎ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን በ1980 አነሣችና ትልቁ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያ ወሰደ። አባቶቻችን አራጣ ያሉትን ሕግ ከመቶ 12 ላይ ሲያቆመው፣ እዚህ ጣሪያው ተነሥቶ ከመቶ 24 ወለድ ዛሬ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1989 ደግሞ ፋይኮ የሚባለው የክሬዲት ነጥብ መጣ። እንግዲህ የዋስ ቦታ ለቁጥር ተሰጠ። ዋስ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይለምንልዎታል። ቁጥር ግን ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ቃል አይናገርም።

በዚህ ሁሉ መካከል ፌርፋክስ ጎዳና አደገ። ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ በሚወርደው ክፍል ምግብ ቤቱ፣ የቅመማ ቅመሙ ሱቅና የልብስ መደብሩ አንድ በአንድ ተከፍቶ በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሠፈሩን ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው። የእንጀራው ሽታ፣ የቡናው ጭስ፣ ሰላምታው ሁሉ አለ። ሰው ግን ከዚያ ወጥቶ የሚያድረው ለየብቻው ነው።

አንዲት የማውቃት እኅት አለች። ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ ስቱዲዮ ውስጥ ከአንድ ውሻ ጋር ትኖራለች። በአገራችን ውሻ ስም ሲወጣለት ለጎረቤት መልእክት እንዲያደርስ ታስቦ ነው፤ እሷም ውሻዋን «ዋሴ» ብላ ሰይማዋለች። «ሌላ ማን ዋስ አለኝ?» ትላለች እየሣቀች። አገር ቤት ውሻ ደጅ ይጠብቃል፣ ድመት ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ የሚበሉትም ትራፊ ነው፤ ከቤት ወጪ ተርታ የሚቆጥራቸው የለም። እዚህ ግን ውሻ የራሱ በጀት አለው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ከአራት ወር በላይ የሆነ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ምግቡ አለ፣ ሐኪሙ አለ። ግብር ሲሞላ ግን እንደ ልጅ አይቆጠርም።

ታዲያ አንድ ሌሊት ዋሴ አጥንት ውጦ ታመመ። ሐኪም ቤቱ ገንዘቡን አስቀድመሽ ክፈዪ አላት። በእጇ ስላልነበረ በካርድ ከፈለች። በዚያው ወር አገር ቤት ለእናቷ መላክ ነበረባት፤ እሱንም ከካርዱ አወጣች። ዕዳው 3,000 ዶላር ደረሰ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የተጠየቀችውን ትንሹን ክፍያ እየከፈለች ዝም አለች። ለእናቷ አልነገረች፤ አሜሪካ ያለ ልጅ ዕዳ አለብኝ ቢል ማን ያምነዋል? ለጓደኛም አልነገረች፤ ታፍራለች። የሚያውቀው ዋሴ ብቻ ነበር።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 24 ይሁን፤ በወር ከመቶ 2 ማለት ነው። ባንኩ የሚጠይቀው ትንሹ ክፍያ የወሩ ወለድና ከዋናው ገንዘብ ከመቶ 1 ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር 60 ዶላር ወለድና 30 ዶላር ከዋናው፣ በድምሩ 90 ዶላር ይከፈላል። ዕዳው ሲቀንስ የሚጠየቀውም ክፍያ አብሮ ይቀንሳል፤ ተንኰሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አኳኋን የሚከፍል ሰው ከ56 ወር በኋላ ገና 1,700 ዶላር ያህል ይቀርበታል። የተጠየቀው ቢቀንስም በየወሩ ያንኑ 90 ዶላር ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ግን በእነዚያው 56 ወራት ዕዳውን ጨርሶ ይገላገላል። 150 ዶላር የሚችል ደግሞ በ26 ወር ያበቃለታል። ልዩነቱን ያመጣው የሰውየው ጉብዝና አይደለም፤ ባንኩ «ይህ ይበቃል» ሲለው እሺ አለማለቱ ነው።

መንግሥትም ይህን ተረድቶ በ2009 ሕግ አውጥቷል። በዚህም መሠረት የካርድ ሒሳብ በመጣ ቁጥር ትንሹን ብቻ ቢከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ በ3 ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በየወሩ ስንት መክፈል እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ ፖስታውን አለመክፈታችን ነው። እባክዎ ይክፈቱት።

ሌላም ሊያውቁት የሚገባ አለ። በአሜሪካ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው በዚህ ብቻ አይታሰርም። የ1977ቱ ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ (በፈረንጆቹ ሰዓት 8 እና 9) እንዳይደውል፣ ዕዳዎን ለጎረቤት ወይም ለሥራ ባልደረባ እንዳይናገር ይከለክላል። ዕዳው የእኔ አይደለም ወይም ልክ አይደለም የሚሉ ከሆነ ማስታወቂያው በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። ብቻዎን ስለ ሆኑ መብት የለዎትም ማለት አይደለም።

ውሻ ወይም ድመት ላለው ተከራይም አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ አዲስ ተከራይ የሚያስይዘው ገንዘብ የውሻውን ጨምሮ ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው አነስተኛ አከራዮች እስከ ሁለት ወር ሊጠይቁ ይችላሉ። በሐኪም ቤት «ለጥቂት ወራት ወለድ የለውም» የሚል ካርድ ሲያቀርቡልዎም ጠይቀው ይፈርሙ፤ አንዳንዱ ውል ቀኑ ሳይደርስ ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንስሳው ሳይታመም በየወሩ 20 ዶላርም ብትሆን በስሙ ማስቀመጥ ነው። ዋሴ ቢታመም ዋስ የሚሆነው ያ ገንዘብ ነው።

የእኅታችን ነገር እንዴት ሆነ? አንድ እሑድ ቡና ላይ ሌላ ሰው ስለ ዕዳ ሲያወራ ሰምታ እንባዋ መጣና ተናገረች። በቤቱ ከነበርነው ውስጥ ሦስት ሰዎች «እኔም አለብኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን አንዳችን የሌላውን አናውቅም ነበር። ከዚያ በ15 ሰው ዕቁብ ተጀመረ፤ በየሁለት ሳምንቱ 100 ዶላር። እሷ በመጀመሪያው ዙር እንድትወስድ ተስማማን። ዳኛው ግን «ዋሴን አንቀበልም፤ ሰው የሆነ ዋስ ይምጣ» ብለው አሳቁን። አንዲት ትልቅ ሴት ተነሥተው «እኔ አለሁ» አሏት። 1,500 ዶላሩ በቀጥታ ወደ ካርዱ ሄደ። የቀረውን ዛሬም እየከፈለች ነው፤ ግን እያነሰ ሲሄድ ታየዋለች፤ እኛም እናያለን።

ዕቁብ አደጋ የለውም አልልም። ወስዶ የሚጠፋ ሰው ሊያጋጥም ይችላል፤ ዋስ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። የማያውቁት ሰው በሰበሰበው ዕቁብ አይግቡ። በዕቁብ የከፈሉትም በክሬዲት ነጥብዎ ላይ አይመዘገብም። ደግሞ ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሜክሲኮዎቹ ታንዳ፣ ኮሪያዎቹ ኬ ይሉታል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሚሽን አሴት ፈንድ የተባለ ድርጅት ከ2008 ጀምሮ የታንዳውን ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎች እያስመዘገበ ለስደተኞች ነጥብ ሲያወጣላቸው ቆይቷል። በ2014ም የካሊፎርኒያ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ወለድ የሌለው ትንሽ ብድር እንዲሰጡ መንገድ ከፈተ። አያቶቻችን መርካቶ ውስጥ ሲያደርጉት የኖሩትን ሕግ አውጪው በስንት ዘመኑ ደረሰበት!

እንግዲህ ውድ አንባቢ፤ ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ዛሬ ማታ ፖስታዎቹን ሁሉ ይክፈቱ። በአንድ ወረቀት ላይ ለማን ስንት እንዳለብዎ፣ ወለዱ ስንት እንደ ሆነ ይጻፉ። ወለዱ ከፍ ያለውን ያስቀድሙ፤ የሚከፍሉትንም ልክ ይወስኑና አይቀንሱ። ከዐቅም በላይ ከሆነ ለትርፍ ያልቆሙ የዕዳ አማካሪዎች አሉ፤ አስቀድሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውን ይሽሹ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወረቀቱን ለሚያምኑት አንድ ሰው ያሳዩ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ብቻውን የሚከፍልም እንደዚያው ነው። ሰንሰለቱ በመቅረቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ዋሱ ግን መቅረት አልነበረበትም።